“ተመስገን” ስንት ነጥብ ነው?

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ ጥናት መረጃ እንድሰበስብ ተመድቤ ነበር። የመጀመሪያው ተጠያቂዬ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ግንበኛ ነው። ከወደቀ ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ቤቱ ከገባ በኋላ የአልጋ ቁስል አውጥቶ ተመልሶ ተኝቷል። ከእምብርቱ በታች ምንም አይሰማውም፣ እግሮቹንም አያንቀሳቅስም፤ መዳፎቹ ግን አሁንም ሲሚንቶ የበላቸው የግንበኛ መዳፎች ናቸው። ወንበር ስቤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩለት፦ “የኑሮዎን ጥራት እንዴት ይመዝኑታል?” እኩያሞች ስለነበርን አንቱታው ለሁለታችንም ከብዶን ነበር፤ ቅጹ ግን የሚለው እንደዚያ ነው። ጥቂት አሰብ አደረገና “ተመስገን ነው” አለኝ።

ቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች አምስት ናቸው፦ በጣም መጥፎ፣ መጥፎ፣ መጥፎም ጥሩም ያልሆነ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ። “ተመስገን” የሚባል ምርጫ የለም። አንድ በአንድ ደግሜ ባነብለትም “ኧረ ተመስገን፣ ከዚህ የባሰ አያምጣ” ከማለት አልፎ ወደ አንዱም አልጠጋ አለ። ከግርጌ በኩል ቆመው ሲያዳምጡን የነበሩት እናቱ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና “ልጄ፣ እንዲህ ሆኖ ምን ኑሮ አለውና ነው የምትጠይቀው? በጣም መጥፎ ብለህ ጻፍ” አሉኝ። እሱ ፊቱን ቅጭም አድርጎ “ተይ እንጂ እማዬ” አላቸው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ “ጥሩ በለው፣ አራተኛውን” አለኝ።

አራትን አክብቤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፍኩ። ያ አራት ቁጥር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ። ከውስጡ የሰውየው የራሱ ስሜት የቱን ያህሉ ነው? እናቱ እንዳያዝኑ የተባለውስ? ፈጣሪን ላለማማረር የተባለውስ? ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ማጉረምረም ነውር ስለሆነ የተባለውስ? በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ የገባው 4 ብቻ ነው፤ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ተደምሮና ተካፍሎ አማካይ ሆኖ ወጣ።

መጠይቁ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አጭሩ የኑሮ ጥራት መለኪያ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተለያዩ አገሮች በሚገኙ 15 ማዕከላት ጎን ለጎን ያስጠናውን ባለ 100 ጥያቄ መለኪያ ወደ 26 ጥያቄ አሳጥሮ ያወጣው ሲሆን፣ ሁለቱ ጥያቄዎች ጠቅላላ ናቸው፤ የቀሩት 24 ደግሞ አካላዊ ጤናን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ይመለከታሉ። ሁሉም የሚጠይቁት ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። የኑሮ ጥራት ማለት፣ በድርጅቱ አተረጓጎም፣ አንድ ሰው በሚኖርበት ባህልና የእሴት ሥርዓት ውስጥ ሆኖ፣ ከግቦቹ፣ ከሚጠብቃቸው ነገሮች፣ ከመመዘኛዎቹና ከሚያሳስቡት ጉዳዮች አንጻር በሕይወት ውስጥ ስላለው ስፍራ የሚይዘው የራሱ አመለካከት ነው። ይህን ትርጉም እወደዋለሁ፤ ሐኪሙ ወይም እናትየው የሚያዩትን ሳይሆን ሰውየው ራሱ የሚያየውን ይጠይቃልና። የአማርኛው ቅጂም ተፈትሾ በአገራችን በስኳር ሕሙማንና በሌሎች ሕሙማን ላይ በተደረጉ ጥናቶች አገልግሏል። ችግሩ የሚጀምረው ይህ መልካም ትርጉም ከወረቀት ወርዶ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ነው።

ከቃሉ እንነሳ። “ኑሮ” በእኛ ጆሮ መጀመሪያ የሚያመጣው ገበያውን ነው። “ኑሮ እንዴት ነው?” የተባለ ሰው ስለ ጤፍና ዘይት ዋጋ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይመልሳል እንጂ ስለ ፊኛውና ስለ እንቅልፉ አይናገርም። “ሕይወት” ብንለው ደግሞ ነገሩ ወደ ነፍስ ጉዳይ ከፍ ይልና መልሱ ጸሎት ይሆናል። “ጥራት” የሚለው ቃል ከዕቃ ጋር የኖረ ቃል ስለሆነ፣ አንድ አዛውንት “የእኔ ጥራት ነው የምትለው?” ብለው ሲስቁብኝ እኔም አብሬያቸው ስቄአለሁ። ተርጓሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የተሻለ ቃል አምጣ ብባል እኔም የለኝም። ሆኖም የመጀመሪያው ጥያቄ ሦስት ሰዎች ዘንድ ሦስት የተለያየ ጥያቄ ሆኖ እንደሚደርስ ማወቅ ይገባል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በመጠይቁ ውስጥ ማኅበራዊ ግንኙነት የተባለው ዘርፍ የተሠራው ከሦስት ጥያቄዎች ብቻ ነው፦ ከሰዎች ጋር ስላለ ግንኙነት፣ ስለ ወሲብ ሕይወት፣ ከወዳጆች ስለሚገኝ ድጋፍ። የመካከለኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ እናትየው አሁንም ከግርጌ ቆመዋል፤ በቀጣዩ አልጋ ያለው አስታማሚም ጆሮውን ሰጥቶናል። አላነበብኩለትም። ባዶ እንዳይሆን ብዬ መካከለኛውን፣ ሦስትን፣ በራሴ እጅ አከበብኩ። ሰውየው ለሌሎቹ ለሁለቱም አራት ሰጥቶ ነበር። በመጠይቁ ስሌት ሦስቱ ነጥቦች በአማካይ ተይዘው ከ0 እስከ 100 ወዳለው መለኪያ ሲቀየሩ 67 ያህል ይመጣል። ጥያቄውን በሐቀኝነት ባዶ ትቼው ቢሆን፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሲጎድል ደንቡ የቀሩትን ሁለቱን አማካይ መውሰድ ስለሚፈቅድ፣ ውጤቱ 75 ይሆን ነበር። ብቻውን አግኝቼው ጠይቄው “በጣም አልረካሁም” ብሎ አንድ ቢሰጠኝ ኖሮ ደግሞ 50። እንግዲህ ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው አልጋ ላይ 50 ወይም 67 ወይም 75 ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው የእኔ እፍረትና የመጋረጃ አለመኖር ነው። ጥናቶች ሲነበቡ አምስት ነጥብ ልዩነት ስለመኖር አለመኖሩ ምን ያህል እንደሚከራከሩ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ እናትየው ልመለስ። እሳቸው ያሉት “በጣም መጥፎ” ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ ልጃቸው ቆሞ ሲሄድ ያዩ እናት ናቸውና ዛሬን የሚለኩት በትናንት ነው። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ባለሙያውም ከእናት የተሻለ ዓይን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 233 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎችን፣ ከባድ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ቢደርስባችሁ በሕይወት በመትረፋችሁ ደስ ይላችኋል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ደስ ይለኛል ብለው የገመቱት 18 በመቶ ብቻ ናቸው። ጉዳቱ በእርግጥ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ግን በሕይወት በመኖራቸው ደስተኛ ነን ያሉት 92 በመቶ ናቸው። የኑሯችን ጥራት መካከለኛ ወይም ከዚያ የተሻለ ይሆናል ብለው የገመቱት ባለሙያዎች 17 በመቶ ሲሆኑ፣ ስለ ራሳቸው እንዲህ ያሉት ጉዳተኞች ደግሞ 86 በመቶ ሆነዋል።

ይህ ርቀት የሚያስፈራው ግምቱ በግምትነት ብቻ ስለማይቀር ነው። ሌሊት አምቡላንስ ያመጣውን ወጣት የሚቀበለው፣ ለቤተሰቡ “እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ከመኖር” የሚል ቃል የሚያመልጠው፣ የትኛው ሕመምተኛ ቅድሚያ ይሰጠው የሚለውን የሚወስነው ያው ባለሙያ ነው። በእኛም ዘንድ ይህን ዓረፍተ ነገር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የአሜሪካውን 92 በመቶ እንዳለ አንሥቶ እዚህ መትከል ግን ሌላ ስሕተት ነው። እዚያ የተጠየቁት ሰዎች የተሃድሶ ሕክምና ያገኙ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቱቦ) ያላቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመጠየቅ በሕይወት የቆዩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ዘገባ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ አምስት እጥፍ ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ስጋት እንዳለባቸው፣ ይህም በድሃ አገሮች እንደሚብስ ገልጿል። በአልጋ ቁስልና በኩላሊት መመረዝ የሞተ ሰው መጠይቅ አይሞላም፤ የእሱ ነጥብ በአማካዩ ውስጥ የለም።

በተቃራኒው ወገን ያለውን ማጋነንም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ብሪክማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኢሊኖይ ያካሄዱትን ጥናት ያልሰማ ተናጋሪ የለም፤ ሎተሪ የደረሳቸውና በአደጋ ሽባ የሆኑ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እኩል ደስተኛ ሆነው ተገኙ ተብሎ ይተረካል። እኔም በአንድ ወቅት ለተማሪዎች እንዲሁ ብዬ ተናግሬአለሁ፣ ጽሑፉን ሳላነብ። ኋላ አግኝቼ ሳነበው 22 ባለ ሎተሪዎች፣ 22 ማነጻጸሪያ ጎረቤቶችና 29 የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ናቸው የተጠየቁት። ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ለአሁን ደስታቸው ባለ ሎተሪዎቹ 4.00፣ ማነጻጸሪያዎቹ 3.82፣ ጉዳተኞቹ 2.96 ሰጥተዋል። ጉዳተኞቹ ሰው ከሚገምተው በላይ ከመካከለኛው ነጥብ አልፈዋል፤ እኩል ግን አልሆኑም። የዚህ የተዛባ ትረካ ጉዳቱ፣ “ሰው ሁሉን ይለምዳል” ከሚለው ስንፍናችን ጋር ተስማምቶ፣ ከለመዱት ለምን መንገድ እንሠራላቸዋለን ወደሚል ድምዳሜ በቀስታ የሚያንሸራትት መሆኑ ነው።

መለኪያ የሚባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑም መታወቅ አለበት። ኢ ኪው 5 ዲ የተባለው በአምስት መስኮች፣ ማለትም በመንቀሳቀስ፣ ራስን በመንከባከብ፣ በዘወትር ተግባራት፣ በሕመምና በጭንቀት፣ አምስት አጫጭር ጥያቄዎችን ብቻ ይጠይቃል። በቀድሞው ቅጂ በመንቀሳቀስ ረገድ የነበሩት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ ለመራመድ ችግር የለብኝም፣ ለመራመድ መጠነኛ ችግር አለብኝ፣ አልጋ ላይ ውዬአለሁ። ጠዋት ተነሥቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው የትኛውን ያክብብ? የኋለኛው ባለ አምስት ደረጃ ቅጂ “አልጋ ላይ” የሚለውን “መራመድ አልችልም” ብሎ አስተካክሎታል፤ ቢሆንም እየተለካ ያለው አሁንም መራመድ እንጂ መድረስ አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ለእያንዳንዱ ሁኔታ ዋጋ የሚተምነው ጉዳተኛው ሳይሆን ጠቅላላው ሕዝብ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያም ይህ ትመና በአንድ ሺህ ያህል ሰዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሲሆን፣ እንደ ሌሎች አገሮች ሁሉ በጣም ከባድ የተባሉት ሁኔታዎች ዋጋቸው ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ዜሮ ማለት ሞት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ቡናውን የሚጠጣ ሰው፣ በማያውቁት ሰዎች ግምት ከሞተ ሰው በታች ሊመዘገብ ይችላል ማለት ነው።

በሽታና ጉዳት ከሰው ጤና የሚቀንሱትን በቁጥር የሚያሰላው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በዚያ ጥናት 0 ሙሉ ጤና፣ 1 ደግሞ ሞት ነው። ከአንገት በታች ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ሕክምና ያገኘ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010ሩ እትም የተሰጠው ክብደት 0.047 ነበር፤ ከሙሉ ጤና አምስት በመቶ እንኳ አልጎደለበትም እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013ቱ እትም፣ ለተጠያቂዎች የሚነበበው አጭር መግለጫ ተሻሽሎ እንደገና ሲጠየቅ፣ ክብደቱ 0.296 ሆነ። ከስድስት እጥፍ በላይ! በመካከሉ የማንም ኅብለ ሰረሰር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመግለጫው አጻጻፍ ነው። እኔ ይህን ስረዳ ነበር ያንን አራት ቁጥር ይበልጥ መጠራጠር የጀመርኩት።

ኤስ ኤፍ 36 ስለሚባለው የጤና መጠይቅ ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ስለ ደረጃ መውጣት፣ ስለ መንበርከክና ስለ አንድ ማይል መራመድ ይጠይቃል፤ ለመካከለኛ እንቅስቃሴ ምሳሌ አድርጎም ቦውሊንግና ጎልፍ መጫወትን ይጠቅሳል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ሲባል “መራመድ” የሚለውን ቃል “በወንበር መሄድ” በሚል የተኩ ተመራማሪዎች አሉ። ጎልፉን ምን እንዳደረጉት እንጃ።

ታዲያ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቢጠየቁስ? ኪም አንደርሰን የተባለች፣ ራሷም የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባት አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጥናት 681 ሰዎችን፣ ምን ቢመለስላችሁ ሕይወታችሁ ይበልጥ ይሻሻላል ብላ ጠየቀች። እጅና እግራቸው የተያዘባቸው ሰዎች ከሁሉ ያስቀደሙት የእጅና የክንድ ጉልበትን ነው። እግራቸው ብቻ የተያዘባቸው ደግሞ በአንደኝነት ያነሡት የወሲብ ሕይወትን፣ እኔ በእናትየው ፊት አፍሬ የዘለልኩትን ያንኑ ጥያቄ ነው። ፊኛና ሰገራን መቆጣጠር ለሁለቱም ወገኖች ከዋናዎቹ መካከል ሆነ። መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን የሚመጥለት መራመድ በአንደኝነት አልወጣም።

ይህን በቅርብ ያሳየችኝ ኅብለ ሰረሰሯ የተጎዳ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ክትትል ለማድረግ ቤቷ ስሄድ በአንድ ግቢ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ትሠራለች። በእግር የሚመታው የስፌት መኪና አላሠራት ስላለ ወንድሟ የእጅ መዘውር አስገጥሞላታል፤ በግራ እጇ ጨርቁን እየገፋች በቀኟ ታዞረዋለች። ግድግዳው ላይ ከሜትሩና ከመቀሱ ጎን አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ተሰቅሏል፤ ውስጡ በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ካቴተር አለ። በቀን አምስት ጊዜ ራሷ ታስገባለች። ከዓለም ጤና ድርጅቱ መጠይቅ አራተኛውን ጥያቄ፣ በዕለት ኑሮዋ ለመንቀሳቀስ የሕክምና እርዳታ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት፣ ስጠይቃት “በጣም ነዋ” አለችኝ። ይህ ጥያቄ በስሌቱ ላይ የሚገለበጥ ነው፤ “በጣም” ያለ ሰው ዝቅተኛውን ነጥብ ያገኛል። ይህን ሳስረዳት መዘውሩን አቁማ አየችኝና “ምን ማለትህ ነው ወንድሜ? ካቴተሬ እኮ ነው ሰው ያደረገኝ” አለች። ከካቴተሩ በፊት ጨርቅ ታጥቃ፣ ሽታዋን ፈርታ ደንበኛ አታስገባም ነበር። መጠይቁ ከነጥቧ የቀነሰባት፣ ከቤት ያወጣትንና ሥራዋን የመለሰላትን ነገር ነው።

ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። የግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት አንድ ደረጃ አለው፤ ከፍታው ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ጨርቅ ለመግዛት ወደ ገበያ በምትወጣባቸው ቀናት ደግሞ ካቴተሯን የምታስገባበት ቦታ ስለማታገኝ ከዋዜማው ጀምራ ውኃ አትጠጣም። ውኃ አለመጠጣቱ የሽንት ኢንፌክሽን ያመጣባታል፤ ኢንፌክሽኑ ሲነሣ አንድ ሳምንት ትተኛለች፤ በተኛችበት ሳምንት ገቢ የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች፣ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙም ጭምር፣ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል፤ እሷ ጨርቅ የምትገዛበት ባለ አራት ፎቅ የገበያ ማዕከል ግን ሊፍቱ ጋ ለመድረስ ራሱ ስድስት ደረጃ ያስወጣል። የአከርካሪዋ ፊልም ላይ የሚታየው ጉዳት በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያው ነው። ሳምንቷን የሚያበላሸውም የሚያቃናውም የመጸዳጃው ደረጃና የውኃው ነገር ነው። ተመራማሪው ማርሴል ዳይከርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም፦ ጉዳቱ አከርካሪው ላይ የት ቦታ እንደደረሰና ምን ያህል እንደሆነ ከኑሮ ጥራት ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው፤ ከሰው ጋር መቀላቀል፣ መሥራት፣ መውጣትና መግባት መቻል ግን ከዚያ የጠነከረ ዝምድና አላቸው።

ወደ “ተመስገን” ስመለስ፣ ቃሉን እንደ እንቅፋት ብቻ ማየቴን ትቻለሁ። ኬነዝ ካልማን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1984 የኑሮ ጥራት ማለት ሰው በሚመኘውና በእጁ ባለው መካከል ያለው ክፍተት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ክፍተቱ በሁለት መንገድ ይጠባል፤ ወይ በእጅ ያለው ከፍ ይላል፣ ወይ ምኞቱ ዝቅ ይላል። መጠይቁ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ሁለቱም 4 ሆነው ይመጣሉ። “የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ” የሚለው የእኛ ብሂል ሁለተኛውን መንገድ አሳምሮ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊዋም አራት ብላኛለች፣ ግንበኛውም አራት ብሎኛል። የእሷ አራት ካቴተሯን፣ መዘውሩንና ደንበኞቿን ይዞ የወጣ አራት ነው። የእሱ፣ በዚያን ቀን በሆስፒታሉ አልጋ ላይ፣ ቀጥሎ ካለው አልጋ የሚያቃስተውን አንገቱ የተሰበረ ልጅ እያየ የተናገረው አራት ነበር። ሰው ለራሱ የሚያደርገውን ይህን መጽናናት የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ ከጥፋትም ያድናል። ባለሥልጣን ወይም ሥራ አስኪያጅ “አማካያቸው ጥሩ ነው” ብሎ በጀት ሲነፍግበት ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዛሬ በራሴ ሥራ የምጠቀመው በጣም አጭሩን ነው። ዓለም አቀፉ የኅብለ ሰረሰር መረጃ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የኑሮ ጥራት ክፍል ሦስት ጥያቄ ብቻ አለው፦ ባለፉት አራት ሳምንታት በአጠቃላይ ሕይወትህ፣ በአካላዊ ጤናህና በሥነ ልቦናዊ ጤናህ ምን ያህል ረክተሃል፤ ከ0 እስከ 10። ኋላ ላይ አራተኛ ሆኖ ማኅበራዊ ሕይወት ተጨምሯል። ስለ ፊኛ፣ ስለ ሰገራ፣ ስለ አልጋ ቁስልና ስለ ሐዘን በዝርዝር የሚጠይቅ፣ ጉዳተኞች ራሳቸው ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ የአሜሪካ መለኪያም አለ፤ ጊዜና ኮምፒውተር ላለው ክፍል ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ግን ከደጅ የሚጠብቀው ሰልፍ አያስነካውም። ከአሥር ስንት ማለትን ሰው ሁሉ ከትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ያልተማረ ገበሬም በጣቶቹ ያሳየኛል። አስታማሚውን ሻይ ጠጥተህ ና ብዬ አስወጣለሁ። ቁጥሩን ከሰማሁ በኋላም “የጎደለው ምንድን ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በቅጹ ጀርባ እጽፈዋለሁ።

ግንበኛውን ከወደቀ በሁለተኛው ዓመት ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ያኔ አንቱታውን ትተነው ነበር። እናቱ ወፍጮ ቤት ሄደዋል። በሩ ላይ ወንበሩን አስጠግቶ ካርቶን ላይ የተሠመረ ዳማ ፊቱ ዘርግቷል፤ ጠጠሮቹ የቢራና የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። “ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?” አልኩት።

“የጠዋቱን ነው የማታውን?” አለኝ።

ጠዋት ማለት እናቱ ጓንት አድርገው ሆዱን የሚያጸዱለት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያኔ ዓይኖቹን ጨፍኖ ሬዲዮ ያዳምጣል። ማታ ደግሞ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ከሥራ ሲወጡ በእሱ በኩል ያልፋሉ፤ ዳማ ይጫወታሉ፤ አዲስ ሥራ የያዘ ካለ የቤቱን ልክ ነግሮት ስንት ብሎኬትና ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ በቃሉ ያሰላለታል፤ ካልተሳሳተለትም ቅዳሜ ትንሽ ገንዘብ ይሰጠዋል። “ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሰባት” አለኝ። ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን አንድ ነው። በመካከላቸው አጭር መስመር አስምሬ ሁለቱንም በዚያች ሳጥን ውስጥ አጨናንቄ ጻፍኳቸው።

በማግስቱ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ልጅ ደውሎ የትኛውን እንደሚያስገባ ጠየቀኝ። ሁለቱንም አልኩት። ሲስተሙ አይቀበልም አለኝ።